ከወሰን ማዶ የተወለደ ልጅ የማን ዜጋ ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ቤቴ የሚመጡት ስለ ወባና ስለ ደም ግፊት ሊጠይቁኝ ብቻ አይደለም። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ይመጡና «ሲስተር፣ ይኼ ልጅ የተወለደው ሱዳን ነው፤ እናቱ ግን የእኛው ልጅ ናት። ኢትዮጵያዊ ይባላል ወይስ አይባልም?» ይሉኛል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼም በስልክ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ የእነሱ የልጅ ልጆች የተወለዱት ቤይሩት፣ ናይሮቢ ወይም ዋሽንግተን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በነርስነት ዲፕሎማ ዕድሜዬን ጤና ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያውን ወረቀት የሚጽፈው የጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኛ ዘንድ ይመጣል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያየሁትንና ከአዋጆቹ አንብቤ የተረዳሁትን ለወላጆችና ለአያቶች እንዲጠቅም አድርጌ ላካፍላችሁ።

ዋናውን መልስ በመጀመሪያ ልንገራችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 6 ላይ ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ማንኛውም ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የት ተወለደ ብሎ አይጠይቅም። አባት ብቻ ብሎም አይገድብም፤ እናትም ታወርሳለች። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 3 ይህንኑ ይደግማል። ስለዚህ ከኢትዮጵያዊት እናት በጀልባ ላይም ይወለድ በስደተኛ ድንኳን፣ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። ማንም የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ይህን መብት በወረቀት ማስረዳቱና ዕድሜ ሲደርስ አለማጣቱ ላይ።

በአልዌሮ ዙሪያ ያለን ሰዎች

ለብዙ ዓመት ያገለገልኩት በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ፣ በአልዌሮ ግድብ አካባቢ ነው። ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰፋሪዎች በዙሪያው መንደር መሠረቱ። ከእነሱ በፊት የነበሩት አኙዋኮች ደግሞ ወንዙን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በኋላም የሩዝ እርሻ መጣ፤ ከእርሻው ጋር የቀን ሠራተኛው ተከተለ። ግድቡ ዳር ዓሣ የሚያጠምደው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው ሁሉ ከተለያየ ቦታ የመጣ ነው።

ወሰኑም ሩቅ አይደለም። አኙዋክ እዚህ አቦቦና ጎግ እንዳለ ሁሉ በደቡብ ሱዳን በኩል ፖቻላ አለ። ኑዌርም እንዲሁ ወዲህ ጂካዎ፣ ወዲያ ናስር ነው። ሰው ለጋብቻ፣ ለለቅሶ፣ ለግጦሽ ሲሻገር ኖሯል። በጦርነት ጊዜም ሁለቱም ወገን ሲሸሽ ኖሯል። በሱዳን ጦርነት ዘመን ኢታንግና ፉኝዶ በስደተኛ ተሞልተው ነበር። በታኅሣሥ 1996 በጋምቤላ ከተማ በአኙዋኮች ላይ በደረሰው ግድያ ደግሞ በተራው ከዚህ ብዙ ሺሕ ሰው ወደ ፖቻላ ተሰደደ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት እንደገና ወዲህ ተጎረፈ፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጄዊ የሚባሉት ካምፖች ተከፈቱ።

ሰው ሲሸሽ ልጅ ይወልዳል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ከሁለት አንድ ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ፣ ወሰን ማዶ የተወለደ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ብታገኙ አይገርማችሁም። የሚገርመው ያ የዜግነት አዋጅ የወጣውም በዚያው በታኅሣሥ 1996 መሆኑ ነው። ሰው ወሰን ሲሻገር፣ ከማዶ የሚወለደው ልጅ የእኛ መሆኑን የሚናገረው አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ታተመ።

አንዲት አያትና የልጅ ልጇ

አንድ ቤተሰብ ላጫውታችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ መንደራቸው ግን ከግድቡ ብዙ አይርቅም።

አያቲቱ አኙዋክ ናቸው። ልጃቸው በታኅሣሥ 1996 ከሸሹት አንዷ ነበረች። ፖቻላ ላይ ከዚያው አገር ሰው ጋር ተጋባች፤ በ1998 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት እናትየዋ በትኩሳት ሞተች። አባትየው ሌላ ቦታ ሄደ። በ2003 ዓ.ም. አጎቷ አዝሎ አመጣትና ለአያቷ ሰጣት። እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ገብታ፣ አማርኛም አኙዋክኛም እየተናገረች እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ለፈተና ምዝገባ የልደት ማስረጃ ተጠየቀ። አያት ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። «ሱዳን የተወለደች ስደተኛ ናት፤ ወደ ካምፑ ሂዱ» ተባሉ።

እማማ በዚያ ቀን ወደ እኔ ሲመጡ አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ፦ «የእኔ ልጅ ስትሞት የማን አገር ሰው ነበረች?» ጥያቄው ልክ ነበር። የልጅቷ ጉዳይ የሚያያዘው ከእናቷ ጋር ነውና ፍለጋውን ከልጅቷ ሳይሆን ከእናቷ ጀመርን።

እማማ ቤታቸው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አላቸው። ውስጡ ለጥሎሽ የሚሰጠው ዲሙይ የሚባለው ዶቃ አለ፤ ከዶቃው ሥር ወረቀት ነበር። አንዱ የሟች ልጃቸው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካርድ ነው። ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶችን መንደር ለመንደር እየዞርን እንከትብ ነበር። ካርዱ ላይ ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም፣ መንደሯ፣ ቀኑም በ1994 ዓ.ም. ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። ሁለተኛው እናቲቱ የተማረችበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውጤት ነበር። ትምህርት ቤቱም መዝገቡን ሲያይ ስሟን አገኘው። የእማማ የቀበሌ መታወቂያ ሲጨመር፣ እናቲቱ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች መሆኗ በሦስት አቅጣጫ ታየ።

ቀጥሎ የሚቀረው ይህች ልጅ የዚያች እናት ልጅ መሆኗን ማስረዳት ነበር። ፖቻላ ላይ የተጻፈ የልደት ወረቀት የለም። የቤተሰብ ሕጉ ግን ለዚህም መንገድ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ነው ይላል፤ የልደት መዝገብ ከሌለ ደግሞ ኅብረተሰቡ ልጁን የማን ልጅ አድርጎ እንደሚያውቀው በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል በአካባቢያችሁ ፍርድ ቤት መጠየቅ ነው። እማማ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ገቡ።

ምስክሮቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ፖቻላ ላይ ያዋለደቻት የልምድ አዋላጅ ናት፤ እሷም ተመልሳ እዚሁ ትኖራለች። ሁለተኛው ልጅቷን አዝሎ ያመጣት አጎት ነው። ሦስተኛዋ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ከእማማ ጎን ጎጆ የቀለሱ ጎረቤት ናቸው። እኚህ ሴትዮ ሟቿን ከሕፃንነቷ ያውቋታል፤ በጡታቸውም አጥብተዋታል። የመንደር ነገር እንደምታውቁት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደገኛና አኙዋክ ሲኮራረፉ ዓመታት ያልፋሉ። ያን ቀን ግን እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው መሰከሩ። እኔም ስለ ክትባት ካርዱ የማውቀውን ተናገርኩ። ፍርድ ቤቱ ልጅነቷን አረጋገጠ፤ በዚያ ውሳኔ የልደት ምዝገባ ተደረገላትና ፈተናዋን ተፈተነች።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላ

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ልጅቷ አባቷ የደቡብ ሱዳን ሰው ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ነጻ አገር ስትሆን ባወጣችው የዜግነት ሕግ፣ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ በዚያ የተወለደ፣ ወይም ከአገሩ ነባር ብሔረሰቦች አንዱ አባል የሆነ ሰው ዜጋ ነው። ስለዚህ ይህች ልጅ ሳትጠይቅ፣ ወረቀትም ሳትይዝ፣ ሁለተኛ ዜግነት ሊኖራት ይችላል።

የእኛ አዋጅ አንቀጽ 20 እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ካገኘ፣ ልጅ እስካለ ድረስ ኢትዮጵያዊነቱ አይነካም። ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ካላስታወቀ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። አካለ መጠን ማለት 18 ዓመት ነው። እንግዲህ ከ18ኛው ልደት እስከ 19ኛው ያለችው አንዲት ዓመት ናት ሁሉን የምትወስነው። ዝም ማለትም በሕግ ፊት መልስ ነው።

በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ጁባ ያለች አክስት በስልክ ደውላ የደቡብ ሱዳን ዜግነት ወረቀት እናውጣላት፣ እዚህ ዘመድ አላት፣ ሥራም ይገኛል አለች። የሴትዮዋ ሐሳብ ክፋት አልነበረውም። ደቡብ ሱዳን ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም። እማማ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «እኔ ነገ ሟች ነኝ፤ የምትኖረው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር» አሉ። ልጅቷ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ፣ እዚሁ መሥራትም እንደምትፈልግ ተናገረች። በ2016 ዓ.ም. 18 ዓመት ሲሞላት፣ ዓመቱ ሳያልፍ፣ የደቡብ ሱዳን ሰነድ ይዛ እንደማታውቅና ኢትዮጵያዊነቷን እንደመረጠች በጽሑፍ አስታወቀች። የቀበሌ መታወቂያዋን አግኝታለች። የማመልከቻው መልስ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም። ነገር ግን በጊዜው ማስታወቋን የሚያሳየው፣ ማኅተምና ቀን ያለበት ቅጂ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ከዶቃው ጋር ተቀምጧል።

ሌላ አገር የተወለዱትስ?

ነገሩ እንደ አገሩ ይለያያል። ኬንያ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ሊባኖስ ውስጥ መወለድ ብቻውን የዚያን አገር ዜግነት አያሰጥም። ስለዚህ ከሁለት ኢትዮጵያውያን እዚያ የተወለደ ልጅ ያለው አንድ ዜግነት የእኛው ነው፤ በወረቀት ካልተያዘ አገር አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሊባኖስና ኩዌትን የመሳሰሉ አገሮች ደግሞ የገዛ ዜጎቻቸው የሆኑ እናቶች እንኳ እንደ አባት ዜግነት እንዲያወርሱ አይፈቅዱም። በዚያ ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ልጃችን ወልዳ አባትየው ቢክዳት፣ ሕፃኑ የቀረው የእናቱ ዜግነት ነው። እናትየዋ አፍራ ከደበቀችው ያንኑም ያጣል። ልጆቻችን እንዲህ ሆነው ሲደውሉ፣ የመጀመሪያው ቃላችን ወቀሳ ሳይሆን «ልጁን ኤምባሲ አስመዝግቢው» የሚል ይሁን።

አሜሪካ የተወለደ ልጅ ደግሞ በመወለዱ ብቻ የዚያ አገር ዜጋ ይሆናል። ከኢትዮጵያዊ ወላጅ ከተወለደ እስከ 18 ዓመቱ በእኛም ሕግ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያችው የአንድ ዓመት ጊዜ ትመጣለች። ወላጆቹ ልጁ ከመወለዱ በፊት የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ከነበረ ግን ኢትዮጵያዊነታቸውን ስለተዉ ለልጁ አያወርሱትም። እንዲህ ላሉት በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉት፣ አለ። ይህ ካርድ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ለመሥራት ይረዳል፤ ዜግነት ግን አይደለም፤ ለምርጫ ድምፅ መስጠትም አያስችልም። ዜግነቱን ያጣ ሰው መመለስ ከፈለገ አዋጅ 378 በአንቀጽ 22 በሩን አልዘጋበትም፦ ኢትዮጵያ መጥቶ መኖር፣ የውጭ ዜግነቱን መተው፣ ከዚያም ማመልከት።

ለወላጆችና ለአያቶች የምመክረው

አንደኛ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ጤና ጣቢያ ስትወልዱ የሚሰጣችሁ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ይዛችሁት ወደ ቀበሌ የምትሄዱበት ነው። ውጭ አገር ከወለዳችሁ መመዝገቢያው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው።

ሁለተኛ፣ የወላጅን ወረቀት ጠብቁ። የልጅ ዜግነት የሚረጋገጠው በወላጅ ነው። የሞተ ልጃችሁን መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የክትባትና የእርግዝና ክትትል ካርድ አትጣሉ። በጎርፍ ጊዜና በምስጥ አገር ስለምንኖር በፌስታል ጠቅልላችሁ በቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ፤ ፎቶ ኮፒውንም ሌላ ቤት አኑሩ። ሐዘን ሲደርስ የሟችን ዕቃ ሁሉ ማቃጠል የሚወድ ሰው አለ፤ ወረቀቱን ግን አትርፉ።

ሦስተኛ፣ ምስክሮቻችሁ በሕይወት ሳሉ ሥሩ። ያዋለደች፣ ያጠባች፣ ያዘለ ሰው ዕድሜው እየገፋ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ፍርድ ቤት ቢከፈት ምን ይጠቅማል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አራተኛ፣ ይህ ለጋምቤላ ሰዎች በተለይ ነው፦ የራሳችሁን የልጅ ልጅ ለራሽን ብላችሁ በስደተኛ አታስመዝግቡ። ችግሩን አውቀዋለሁ፤ ማሽላው ሲያልቅ የካምፕ ዱቄት ያጓጓል። ነገር ግን የተመዘገበው ስምና አሻራ ልጁ አድጎ ፓስፖርት ሲጠይቅ ይጠብቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ስደተኛ አይደለሁም ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። በተቃራኒው እውነተኛ ስደተኛ የሆነውን የጎረቤታችሁን ልጅ የራሳችሁ ነው ብላችሁ አታስመዝግቡ። ለስደተኛ ልጆችም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የልደት ምዝገባ አላቸው፤ የእነሱም እውነት በእውነተኛ ወረቀት ይያዝ።

አምስተኛ፣ ፋይዳ ቁጥር ስላገኛችሁ ዜግነት ተረጋገጠ አትበሉ። በአዋጅ 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ ለነዋሪ ሁሉ፣ ለውጭ አገር ሰውም ጭምር፣ የሚሰጥ ነው። ማንነትን ይናገራል፤ ዜግነትን አይናገርም።

ስድስተኛ፣ ሁለት ዜግነት ሊኖረው የሚችል ልጅ ካላችሁ 17 ዓመት ሲሞላው ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ኤምባሲ የምትወስዱትን ሰነድ ከልደቱ በፊት አዘጋጁ። የምታስገቡትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ የተቀበለው ሰው ቀንና ማኅተም ያድርግበት።

በመጨረሻም ስለ ልጆቹ ልብ ልንገራችሁ። «ስደተኛ» የተባለ ልጅ ቤት ገብቶ የሚጠይቀው ስለ አዋጅ አይደለም፤ «እኔ የእናንተ አይደለሁም?» ብሎ ነው። እንዲህ ሲል ሰውነቱ የሚያተኩስ፣ ምግብ የሚተው፣ ትምህርት የሚጠላ ልጅ ጤና ጣቢያ እያለሁ ብዙ አይቻለሁ። ኪኒን የለውም። የእናቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመንደሩን ስም ቁጭ አድርጋችሁ አስተምሩት። ፍርድ ቤትም ቀበሌም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ቀድሞ ከእናንተ ይስማው።

ይህችን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የጎደለውን ወረቀት ጻፉ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ።